ስሙ አንድ፣ ሜዳው ልዩ ልዩ

በ2013 መገባደጃ ላይ ፊፋ 14ን ሊገዛ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ውስጥ ወደ አንድ የጌም መደብር የገባ ሰው፣ ከመደርደሪያው ላይ ሊዮኔል ሜሲ ደጋግሞ ይቀበለው ነበር። ሜሲው ያው ነው፤ ርዕሱም ያው፣ ዓመቱም ያው። የሚለየው ከሽፋኑ አናት ላይ የተጻፈው የማሽን ስም ነበር፦ ፕሌይስቴሽን 2፣ ፕሌይስቴሽን 3፣ ፕሌይስቴሽን 4፣ ኤክስቦክስ 360፣ ኤክስቦክስ ዋን፣ ዊ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲስኩ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለያያል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የማዕዘን ምት ሲሻማ በርካታ ተጫዋቾች ለአንዲት ኳስ አብረው ይዘላሉ፣ አየር ላይ ይጋፋሉ፣ ሚዛናቸውን ስተው ይወድቃሉ። ኳስ ከመስመር ስትወጣ ምስሉ አይቆረጥም፤ ተጫዋቹ ሄዶ ይቀበላትና ቶሎ ይወረውራል። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ተመልካቹ ጠፍጣፋ ምስል ነው፤ የአየር ላይ ፍልሚያውም የተወሰነ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ ከፊፋ 13 ወዲህ የተለወጠው ማሊያውና የተጫዋቾች ዝርዝሩ ብቻ ነበር። ሦስቱም ፊፋ 14 ይባላሉ።

የጌም ወዳጆች ለዓመታት «ፊፋ ይሻላል ወይስ ፔስ?» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ ግን ሌላም ጥያቄ ይፈልጋል፦ በየትኛው ማሽን ላይ? የእግር ኳስ ጌም ታሪክ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የሁለት ኩባንያዎች፣ የፊፋው ኤሌክትሮኒክ አርትስና የፔሱ ኮናሚ፣ ፉክክር ሆኖ ይነገራል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚሞሪ፣ የዲስክ፣ የጆይስቲክና የገበያ ታሪክም ነው። አንድ ልጅ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጫወት የሚወስነው ከሽፋኑ ስም ይልቅ ቤቱ ያለው ማሽን የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዳኛው የሚሸሸው ተጫዋች

የመጀመሪያው ፊፋ የወጣው በ1993 ገና ሰሞን፣ በሴጋው ሜጋ ድራይቭ ላይ ነው። የሠራው በካናዳ የሚገኘው የኤሌክትሮኒክ አርትስ ቡድን ነበር። እስከዚያ ድረስ የእግር ኳስ ጌም ማለት በአብዛኛው ሜዳውን ከላይ ቁልቁል ወይም ከጎን ማየት ነበር። ኪክ ኦፍ በ1989፣ ሴንሲብል ሶከር ደግሞ በ1992 ከላይ በሚታዩ ትናንሽ ተጫዋቾቻቸው የአሚጋ ኮምፒውተር ባለቤቶችን ልብ ወስደው ነበር። ፊፋ ካሜራውን ወደ ሜዳው ጥግ ወስዶ አጋደለው። ተጫዋቹ ቁመት አገኘ፣ ሜዳውም ጥልቀት ያለው መሰለ፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን እንደሚታይ ግጥሚያ ሆነ።

ከዚያ ጨዋታ ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ዳኛው ካርድ ሊያሳየው ሲመጣ መሮጥ ይችላል። ዳኛው ይከተለዋል፤ ልጁ በሜዳው ዙሪያ ያዞረዋል፤ ዳኛው ካልደረሰበት ካርዱ አይወጣም። ሥራዬ ብሎ ጥፋት ሠርቶ ዳኛውን ማስሮጥ ለብዙ ልጆች ከጎል የማይተናነስ ደስታ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጨዋታው ወደ ሱፐር ኒንቴንዶና ወደ ሌሎች ማሽኖች ሲሻገር ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። የሜጋ ድራይቭ ፕሮሰሰር ወደ 7.6 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ የሱፐር ኒንቴንዶው 3.58 ነው። በአንጻሩ ሱፐር ኒንቴንዶ በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ሲያሳይ ሜጋ ድራይቭ በ64 ይወሰን ነበር። አንዱ ለፍጥነት፣ ሌላው ለውበት የተመቸ ነው። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች፣ ዳኛና ኳስ አብረው በሚንቀሳቀሱበት ጨዋታ ፍጥነቱ ይፈለጋል። የጆይስቲኩም ነገር አለ፦ የሜጋ ድራይቭ የመጀመሪያው ጆይስቲክ ሦስት ቁልፍ ብቻ ሲኖረው፣ የሱፐር ኒንቴንዶው ፊት ለፊት አራት፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ነበረው። አጭር ፓስ፣ ረጅም ኳስ፣ ሹት፣ ሩጫ እያሉ ለየብቻ ቁልፍ መስጠት የሚቻለው ቁልፍ ሲኖር ነው። የጃፓኑ ኮናሚ ኢንተርናሽናል ሱፐርስታር ሶከርን በሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ሲያመጣ በዚህ በሚገባ ተጠቅሟል።

በዚያው 1994 ስሪዲኦ በተባለው ውድ ማሽን ላይ የወጣው ፊፋ ደግሞ ካሜራውን ከተለያየ አቅጣጫ ማየት ያስችል ነበር። ማሽኑ ገዢ አጥቶ ቶሎ ቢቀርም፣ የነገውን ሜዳ ቀድመው ያዩት የእሱ ጥቂት ባለቤቶች ናቸው።

ካሴትና ሲዲ

ፊፋ 96 ሲወጣ ክፍተቱ ገደል ሆነ። በፕሌይስቴሽን፣ በሴጋ ሳተርንና በኮምፒውተር የገዛ ሰው ካሜራ የሚዞርበት ባለሦስት አውታር ስታዲየም፣ ከዚያም በላይ የታዋቂውን እንግሊዛዊ ኮሜንታተር የጆን ሞትሰንን ድምፅ አገኘ። ያንኑ ስም በሜጋ ድራይቭ የገዛው ግን ያንኑ የ1993ን ያጋደለ ሜዳ ተቀበለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሲዲ 650 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የዚያን ጊዜ የጌም ካሴት የሚይዘው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ረጅም የኮሜንታተር ድምፅ በዚያ ጠባብ ቦታ አይገባም።

ኒንቴንዶ 64 በ1996 ሲወለድ በካሴት ለመቀጠል መረጠ። ዲስክ እስኪነበብ መጠበቅ አልነበረበትም፤ በምላሹ የቦታ እጥረት ጸናበት። ነገር ግን አንድ ነገር ይዞ መጣ፦ በአውራ ጣት ወደፈለጉት አቅጣጫ በልክ የሚገፋ ዱላ። ኮናሚ በዚህ ዘመን ሁለት ቡድን ነበረው። የኦሳካው ቡድን ኢንተርናሽናል ሱፐርስታር ሶከር 64ን ለኒንቴንዶ ሠራ፤ የቶኪዮው ቡድን ደግሞ በፕሌይስቴሽን ላይ ዊኒንግ ኢለቨን የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ ያሳድግ ነበር። አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለት ዓይነት ኳስ። የኦሳካው ፈጣንና ለልብ ቅርብ ነው። የቶኪዮው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ኳስን ከኋላ እየገነቡ ክፍተት መፈለግ ግድ ይላል። ሺንጎ ታካትሱካ በተባለው ባለሙያ መሪነት ያደገው ይህ የቶኪዮ መስመር ነው በኋላ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ በአጭሩ ፔስ የሆነው።

ኳስ ያጣ ማሽንም አለ። የሴጋው ድሪምካስት ለዘመኑ ጠንካራ ነበር፤ ሆኖም ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለእሱ ጌም ላለመሥራት በመወሰኑ ፊፋ አልደረሰውም፤ ከኮናሚ በኩልም ዊኒንግ ኢለቨን አልመጣለትም። ሴጋ የራሱን የኳስ ጌሞች ቢያቀርብም አውሮፓ ውስጥ ክፍተቱን አልሞሉትም። ምርቱ በ2001 ሲቋረጥ ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ኳስ በሚወደድበት አህጉር ዋናዎቹ የኳስ ጌሞች የሌሉበት ማሽን መሆኑ ግን አንዱ ድክመቱ እንደነበረ መካድ አይቻልም።

የ32 ሜጋባይት ዘመን

ፕሌይስቴሽን 2 ሚሞሪው 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ተፎካካሪው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 64 ነበረው፤ በላዩም ሃርድ ዲስክ። በወረቀት ላይ ኤክስቦክስ ያሸንፋል። በተግባር ግን ለኳስ ወዳድ ፕሌይስቴሽን 2 ነበር ቤቱ፤ ፔስም ለዓመታት ልቡ የተሠራው ለእሱ ነው። ኤክስቦክስ ፔስን ያየው በ2004 በፔስ 4 ነው። ያኔም በኢንተርኔት መጫወትን ቀድሞ አገኘ፤ ፕሌይስቴሽን 2 ያን ያገኘው በተከታዩ ዓመት ነው።

የፔስ ጉድለት ፈቃድ ነበር። የሊጎቹና የክለቦቹ ስም መብት በአብዛኛው በተፎካካሪው እጅ ስለነበር ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» እየተባሉ ይገቡ ነበር። ተጫዋቾች ግን መፍትሔ አላጡም፤ ስሙን፣ ማሊያውን፣ ዓርማውን በራሳቸው ጊዜ አስተካክለው በሚሞሪ ካርድ ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ጨዋታው ራሱ ያን ያህል ድካም ይገባው ነበርና። በፔስ 6 የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሠላሳ ሜትር ሲመታ በረኛው እጁን ከማንሳቱ በፊት ኳሷ መረብ ውስጥ ትገኛለች። ያን ዘመን የተጫወተ ሁሉ አድሪያኖን በስሙ ያውቀዋል።

የኢትዮጵያ ከተሞች ከእግር ኳስ ጌም ጋር በሰፊው የተዋወቁት በዚህ ማሽን በኩል ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጧ ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር። ሒሳቡ በጨዋታ ይቆረጣል፤ በብዙ ቤቶች የተሸነፈ ይከፍላል ወይም ተነስቶ ለተረኛው ይለቃል። ከኋላ የቆሙት ተራ ጠባቂዎች አሰልጣኝም ኮሜንታተርም ናቸው፤ «ሹት! ሹት በል!» የሚለው ጩኸት ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ይበልጣል። የጆይስቲኮቹ የዱላ ጎማ ተልጦ፣ የአራት ማዕዘኑ ቁልፍ ምልክት ከመነካት ብዛት ጠፍቶ ይታያል። በዚያ ክፍል ውስጥ የቅርብ ጊዜ ማሽን መኖሩ ሳይሆን ሁለቱ ጆይስቲኮች እኩል መሥራታቸው ነው ዋናው ጉዳይ። አንዱ ቁልፍ ከደከመ ግጥሚያው ፍትሐዊ አይሆንምና ጠቡም ከዚያ ይነሳል።

ማሽኑ እንዲህ በዓለም ዙሪያ ሥር ስለሰደደ በቀላሉ አልሞተም። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላም፣ ፕሌይስቴሽን 4 ለገበያ በቀረበበት በዚያው ወር፣ በኅዳር 2013፣ ፔስ 2014 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጥቶለታል።

ማሽኑ ሲያድግ ጨዋታው ሲያንስ

አዲስ ማሽን ሁልጊዜ የተሻለ ጨዋታ ይዞ ይመጣል የሚለውን እምነት የ2005ቱ የትውልድ ሽግግር አፍርሶታል። ኤክስቦክስ 360 ገበያ ሲገባ አብሮት የወጣው ፊፋ የ2006ን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሚመለከት ነበር፤ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታይ ነበር፤ ክለቦች ግን የሉበትም፣ ብሔራዊ ቡድኖች ብቻ። በዚያው ወቅት የርካሹ ፕሌይስቴሽን 2 ባለቤት ሊጎችንና ክለቦችን በሽ በሽ ይዞ ይጫወት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፔስ 6 ለኤክስቦክስ 360 ሲወጣ ምስሉ ጠርቶ ስምና ማሊያ ማስተካከያው ተቀንሶ ተገኘ። ለፔስ ወዳጅ ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም፤ «መርሲሳይድ ሬድ»ን ወደ እውነተኛ ስሙ የሚመልሰው በዚያ በኩል ነበርና።

ከሁሉ የከፋው ፔስ 2008 ነበር። ያው ጨዋታ በኤክስቦክስ 360 ላይ በአግባቡ ሲሄድ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ይንቀራፈፍና ይቆራረጥ ነበር። የፕሌይስቴሽን 3 ፕሮሰሰር በአሠራሩ እንግዳ የሆነ፣ ባለሙያዎች ለመልመድ የተቸገሩበት ነበር፤ ፔስን ለዓመታት ያሳደጉት ባለፕሌይስቴሽኖች ደካማውን ቅጂ ታቀፉ።

የሚገርመው በዚያው ጊዜ ከትውልዱ ሁሉ በጉልበት ደካማ የሆነው የኒንቴንዶ ዊ አዲስ ሐሳብ ማፍራቱ ነው። የፔስ 2008 የዊ ቅጂ የቆየውን አጨዋወት ትቶ ሪሞቱን ወደ ስክሪኑ በማመልከት ላይ ተመሠረተ። ተጫዋቹ ኳስ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ኳስ የሌለውን አጥቂም ጠቁሞ «አንተ ወደዚህ ሩጥ» ማለት ይችላል። ሜዳውን እንደ አሰልጣኝ ማዘዝ ነበር። ጉልበት ስላልነበረው ምስል ላይ ያልፎከረ፣ ጆይስቲኩ ልዩ ስለሆነ ግን ሌሎቹ ያልደፈሩትን የሞከረ ጨዋታ ነው።

ፊፋ በበኩሉ አዲሶቹን ማሽኖች ቀስ በቀስ ገራቸው። በ2009 ፊፋ 10 በፕሌይስቴሽን 3ና በኤክስቦክስ 360 ላይ ተጫዋቹን በስምንት አቅጣጫ ብቻ ከመሮጥ አላቆ ዱላው ወደሚገፋበት ሁሉ እንዲዞር አደረገው። በዚያው ዓመት በፊፋ 09 ላይ የተጨመረው አልቲሜት ቲም ደግሞ የንግዱን መልክ ለወጠው፤ ተጫዋቾችን በካርድ መልክ ሰብስቦ ቡድን መሥራት፣ ለካርዱም ገንዘብ መክፈል ተጀመረ። ከዚህ ወዲህ ማሽን ሲመዘን ኢንተርኔትና ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድም አብረው ይመዘናሉ። ሁለቱም በማይገኙበት ሰፈር ውስጥ ያለ ልጅ የጨዋታውን ዋና ክፍል በመስኮት ነው የሚያየው።

ክቡና አራት ማዕዘኑ

ከፔስ ወደ ፊፋ የተሻገረ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች የሚሸነፈው በጣቱ ነው። በፔስ ሹት አራት ማዕዘኑ ቁልፍ ነው፤ ክቡ ደግሞ ረጅም ኳስ። በፊፋ ተገላቢጦሽ ነው፦ ክቡ ሹት፣ አራት ማዕዘኑ ክሮስ። አጥቂው ከበረኛ ጋር ብቻውን ተፋጥጦ፣ ልጁ በልምድ አራት ማዕዘኑን ሲጫን፣ ኳሷ ከጎሉ ርቃ ወደ ክንፍ ትከንፋለች። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ፊፋ በማስተካከያው ውስጥ የፔስን አቀማመጥ የሚመስል አማራጭ ያስቀመጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

በማሽኖች መካከልም እንዲሁ ነው። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ግራው ዱላ ከላይ፣ የአቅጣጫ ቁልፎቹ ከታች ናቸው፤ የፕሌይስቴሽኑ ተቃራኒ ነው። በአቅጣጫ ቁልፍ ኳስ መግፋት ለለመደ የቀድሞ የፔስ ተጫዋች ፕሌይስቴሽን ይመቸዋል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የመሮጫውን ቁልፍ ጥንካሬ መለዋወጥ ይችላል፤ በፊፋ 21 ተጫዋቹ ሲደክም ቁልፉ ጣትን ይቋቋማል። በ85ኛው ደቂቃ የደከመ የመስመር ተከላካይን ማስሮጥ ከባድ መሆኑን ጣት ራሱ ያውቀዋል።

ስም ተሸክሞ የቀረ

ፊፋ 17 ፍሮስትባይት ወደተባለ አዲስ ኢንጂን ሲሸጋገርና አሌክስ ሃንተር የተባለ ወጣት ተጫዋች ታሪክ ሲጨምር፣ የፕሌይስቴሽን 3ና የኤክስቦክስ 360 ባለቤቶች ሁለቱም አልደረሳቸውም። በ2017 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣው ፊፋ 18 በራሱ ኢንጂን የተሠራ ነበር። አውቶብስ ውስጥ ተቀምጦ መጫወት፣ ትንንሾቹን ጆይስቲኮች ለሁለት ተካፍሎ መፋለም ይቻላል፤ የሃንተር ታሪክ ግን የለም፤ የሚያውቁትን ጓደኛ በኢንተርኔት ጋብዞ መጫወትም አይቻልም ነበር።

ከዚያ የባሰ መጣ። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ ለአራት ዓመታት የስዊች ባለቤቶች የተሸጠላቸው «ሌጋሲ ኤዲሽን» ነው፤ ይኸውም የቆየው ጨዋታ ማሊያውና ዝርዝሩ ታድሶ። ስሙ ከሌሎቹ ጋር እኩል ዓመቱን እየቆጠረ አደገ፤ ጨዋታው ቆሞ ቀረ። ኩባንያው ስያሜውን ሽፋኑ ላይ ጽፏል፤ ለልጁ ስጦታ የሚገዛ ወላጅ ግን ትርጉሙን ሳያውቅ ሊከፍል ይችላል። ይህ ለደንበኛ አይገባም። በ2023 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ማኅበር ጋር የነበረውን የስም ውል ጨርሶ ጨዋታውን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ብሎ ሲያወጣ ነው ስዊች ወደ ፍሮስትባይት የገባው።

ጉልበት ያላቸውም ቢሆኑ አልዳኑም። ፊፋ 22 ሃይፐርሞሽን የተባለውን ይዞ ሲመጣ ሃያ ሁለት ባለሙያ ተጫዋቾች እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ልብስ ለብሰው ሙሉ ግጥሚያ ተጫውተው ነበር፤ ከዚያ የተገኘው መረጃ ኮምፒውተሩን አስተማረ። ውጤቱ ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ደረሰ። የኮምፒውተር ተጫዋቾች ግን ማሽናቸው የቱንም ያህል ጠንካራ ይሁን የፕሌይስቴሽን 4 ትውልድ ቅጂ ነበር የተሰጣቸው። ፊፋ 23 ይህን አረመ፤ በተመሳሳይ ትውልድ ያሉ ማሽኖችም እርስ በርስ እንዲገጥሙ ፈቀደ። የፕሌይስቴሽን 5 ተጫዋች ከኤክስቦክስ ሲሪስና ከኮምፒውተር ጋር፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ ከኤክስቦክስ ዋን ጋር። በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው በር ግን ተዘግቶ ቀረ።

ኮናሚ የተለየ መንገድ ያዘ። በመስከረም 2021 ፔስን ኢፉትቦል ብሎ ሰይሞ በነፃ ለቀቀው። ጅማሬው ክፉ ነበር፦ ዘጠኝ ክለቦች ብቻ፣ ቅርጻቸው የተበላሸ ፊቶች፣ ጎዶሎ አጨዋወት። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ለወራት ጠጋገነው። ውሎ አድሮ ያተረፈው ስልክ ላይ ነው፤ ኮንሶል መግዛት የማይችል ወጣት ስልኩ ላይ አውርዶ ይጫወተዋል።

ሊገዛ ላሰበ

ማሽኖችን ለማወዳደር ምስል መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከምስሉ ይልቅ ግን ጣትና ስክሪን ምን ያህል እንደሚናበቡ ነው መታየት ያለበት። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ እያንዳንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ በ30 ከሆነ እጥፍ። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ሊያሳምር ሲል የራሱን መዘግየት ይጨምራል፤ የድሮዎቹ ባለትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥኖች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ስለዚህ አዲስ ማሽን ገዝቶ «ኳሱ ከበደኝ» የሚል ሰው በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ከፍቶ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት አለበት።

ቀጥሎ የሳጥኑ ጀርባ ይነበብ። የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ዲስክ ማንበቢያ ባለው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በራሱ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ ኤፍሲ 24ን በፕሌይስቴሽን 4 የሚጫወት ሰው ሃይፐርሞሽን የሚባለውን አያገኝም። የፕሌይስቴሽን 2ና 3 ዲስኮች ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ፈጽሞ አይነሱም፤ ፔስ 6ን የሚወድ ሰው አሮጌውን ማሽን ባይሸጥ ይሻለዋል። የሚጫወተው ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ከሆነም ጓደኞቹ ያሉበትን ትውልድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ወንበር ለወንበር ተቀምጦ ለመፋለም ግን ሁለት የሚሠሩ ጆይስቲኮች ያሉት ፕሌይስቴሽን 4 ዛሬም በቂ ነው።

ከአምራቾቹ የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። አንድ ርዕስ በአምስት ማሽን ሲሸጥ በየትኛው ማሽን ላይ ምን እንደጎደለ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከሽፋኑ ፊት ለፊት ይጻፍ።